በመኪናዬ መሳቢያ የሰነበተው ቼክ

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ለመግዛት ለሚያስቡ ወገኖች በተዘጋጀ የቅዳሜ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂው ተገልብጦ ጥቂት ብቻ ታርሞ የቀረበ)

ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶች ወደ ፊት ኑ፤ እዚህ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ። የእኛ ስብሰባ ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር ነው የሚሞላው። ኑ፣ ኑ፣ አልጠይቃችሁም።

አዘጋጆቹ የጋበዙኝ ቤት ስለ መግዛት እንድናገር ነበር። ከእኔ በፊት የተናገረችው እህታችን ግን ስለ ብድሩ፣ ስለ ወለዱና ስለ ቅድመ ክፍያው አጥርታ ስለ ነገረቻችሁ እኔ የምጨምረው የለኝም። እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለ ራሴ ሙያ ጥፋት ልናገር ነው። ቤት አሻሻጭ ሲያጠፋ ማን ይቀጣዋል? እንዴት ይቀጣዋል? ለዚህስ ከእናንተ የሚፈለገው ምንድን ነው?

መጀመሪያ እጅ ላስወጣችሁ። ቤት ስትገዙም ሆነ ስትሸጡ፣ ስትከራዩም ሆነ ስታከራዩ በወኪል ወይም በደላላ ተበድያለሁ የምትሉ እጃችሁን አውጡ። እሺ። ብዙ ነው። ከጠበቅኩት በላይ ነው። አሁን ደግሞ ከእናንተ መካከል ለወኪሉ የሥራ ፈቃዱን ለሰጠው መንግሥት አቤቱታ ያቀረባችሁ እጃችሁን አቆዩ፤ ሌሎቻችሁ አውርዱ። አንድ። አንድ ሰው ብቻ። ጋሼ፣ እርስዎ አቤቱታ አቅርበዋል ወይስ እጅዎን ማውረድ ረስተው ነው? ረስተው ነው! እንግዲያውስ ማንም የለም ማለት ነው።

ይህንን ጥያቄ ከዚህ በፊትም በሁለት ስብሰባዎች ላይ ጠይቄአለሁ። መልሱ ከዚህ ብዙም አይለይም።

ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛ፣ ፈቃዱን የሚሰጠውና የሚነጥቀው ማን እንደሆነ። ሁለተኛ፣ ምን ምን እንደሚያስቀጣ። ሦስተኛ፣ እኛ ለምን ዝም እንደምንል። ሦስተኛው ላይ ብዘገይ አትቆጡኝ፤ የመጣሁት ለእርሱ ነው።

ወደ አንደኛው ልግባ። አገር ቤት ደላላ ሲያታልላችሁ ወዴት ነበር የምትሄዱት? ፖሊስ ጣቢያ፣ ፍርድ ቤት፣ ወይም ወደ ደላላው አጎት። እዚህ ግን ሌላ በር አለ። ሜሪላንድ ውስጥ የሪል ስቴት ኮሚሽን የሚባል የመንግሥት አካል አለ፤ በክልሉ የሥራ መሥሪያ ቤት ሥር ነው ያለው። በእኛ ሙያ «ኮሚሽን» ሁለት ነው፤ አንዱ የምንበላው፣ ሌላው የሚበላን። ዛሬ የምናወራው ስለሚበላን ነው።

ኮሚሽኑ ዘጠኝ አባላት አሉት። አምስቱ የሙያው ሰዎች ናቸው፤ አራቱ ግን ከሙያው ውጭ ያሉ፣ እንደ እናንተ ቤት የሚገዙና የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሌባን ለሌቦች ብቻ አልሰጡትም። ይቅርታ፣ ባልደረቦቼ እዚህ አላችሁ፤ አነጋገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጥራ። ሁላችንም «ብሮከር» እየተባልን እንጠራለን እንጂ ሁላችንም ብሮከር አይደለንም። አብዛኞቻችን የሽያጭ ወኪሎች ነን፤ ፈቃዳችን በአንድ ብሮከር ሥር ይሰቀላል። ብሮከሩ ይቆጣጠረናል፣ እኛ ስናጠፋ እርሱም «ለምን አልተቆጣጠርክም?» ተብሎ ይጠየቃል። ስለዚህ ወኪላችሁ ስልክ ማንሳት ሲያቆም የመጀመሪያው ሥራችሁ ብሮከሩን ፈልጎ ማግኘት ነው። የብሮከሩ ድርጅት ስም በእያንዳንዱ ማስታወቂያ ላይ መኖር አለበት። ሬስቶራንት በር ላይ ተለጥፎ ያያችሁት ወረቀት ፎቶግራፍና ስልክ ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ ያ ወረቀት ራሱ ጥፋት ነው። እዚሁ ስገባ አንድ አይቻለሁ። የማን እንደሆነ አልናገርም፤ ባለቤቱ ግን ከመውጣታችን በፊት ቢያነሣው ደስ ይለኛል።

«ሪልተር» የሚለው ቃል ደግሞ ሌላ ነው። ፈቃድ ያለው ሁሉ ሪልተር አይደለም። ሪልተር የሚባለው በ1908 ቺካጎ ላይ የተመሠረተው ብሔራዊ ማኅበር አባል ብቻ ነው። ማኅበሩ በ1913 የሥነ ምግባር ደንብ አወጣ፤ አባሉ ሲያጠፋ እስከ 15,000 ዶላር ሊቀጣ፣ ሊያግድ፣ ሊያባርር ይችላል። ነገር ግን ማኅበሩ የመሥራት ፈቃድን አይነጥቅም። ያንን የሚያደርገው መንግሥት ነው። የመንግሥት ፈቃድ የሚባለውም አብሮን የተፈጠረ ነገር አይደለም፤ ካሊፎርኒያ በ1917 የመጀመሪያውን ሕግ ስታወጣ ፍርድ ቤት ሻረው፤ በ1919 እንደገና አወጡት። ከዚያ በፊት በዚህ አገርም ኮፍያና አንደበት ያለው ሁሉ ደላላ ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ምን ያስቀጣል? ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ሁሉንም ብነግራችሁ ቡናው ይቀዘቅዛል። እኛን የሚነኩትን ልምረጥ።

የመጀመሪያው ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ነው። አገር ቤት ደላላ ከሻጭም ከገዢም ይቀበላል፤ ማንም አይደነቅም፤ እንዲያውም «አስማማን» ተብሎ ይመረቃል። እዚህ ግን ወኪል ማለት ጠበቃ እንደ ማለት ነው፤ ለአንድ ወገን ይቆማል። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ወኪል ብቻውን ሻጩንም ገዢውንም ሊወክል አይችልም። ሁለቱ ወገኖች የአንድ ድርጅት ደንበኞች ከሆኑ በጽሑፍ ይስማማሉ፤ ብሮከሩም ለእያንዳንዳቸው የተለያየ ወኪል ይመድባል። «ሁለታችሁንም በደንብ አውቃችኋለሁ፣ እኔ እጨርስላችኋለሁ» የሚላችሁን ሰው ፍሩት። የምትከፍሉትን ትልቁን ዋጋ ለእርሱ ሹክ ብላችሁታል፤ እርሱ ደግሞ የሻጩ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነው።

ሁለተኛው የጓሮ ክፍያ ነው። በ1974 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ፤ አበዳሪው፣ የባለቤትነት ማረጋገጫ ድርጅቱ ወይም ሌላው «ደንበኛ ስለላክህልኝ» ብሎ ለወኪሉ ገንዘብ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ጥሶ የተገኘ እስከ 10,000 ዶላርና እስከ አንድ ዓመት እስራት ሊደርስበት ይችላል። ወኪላችሁ አንድ አበዳሪ ብቻ ደጋግሞ ሲያመሰግንላችሁ «ለምን እርሱ ብቻ?» በሉት። ፊቱን እዩት። ብዙ ጊዜ መልሱ ፊቱ ላይ ነው።

ሦስተኛው የመኖሪያ ቤት አድልዎ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ እኛ ተበዳይም በዳይም ነን።

ያ በ1913 ደንብ ያወጣው ማኅበር በ1924 ደንቡ ውስጥ ምን አስገባ መሰላችሁ? ሪልተር የሰፈርን ዋጋ ያወርዳል ተብሎ የሚታሰብ ዘር ወደ ሰፈሩ እንዳያስገባ። ይህ የሥነ ምግባር ደንብ ነበር! ጥቁር ቤተሰብን ወደ ነጭ ሰፈር ያስገባ ወኪል ነበር አጥፊው። «ዘር» የሚለው ቃል ከደንቡ የወጣው በ1950 ነው፤ አድልዎን የሚከለክለው ሕግ የመጣው በ1968፤ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት በይፋ ይቅርታ የጠየቁት ደግሞ በ2020። ቁጠሩት። ከ1924 እስከ 2020።

ያለፈ ታሪክ ነው ትሉኝ ይሆናል። በኅዳር 2019 ኒውስዴይ የተባለው የኒውዮርክ ጋዜጣ ሦስት ዓመት የፈጀ ምርመራ አወጣ። ገዢ መስለው የሚሄዱ ሰዎችን በድብቅ ካሜራ ወደ ሎንግ አይላንድ ወኪሎች ላከ፤ 93 ወኪሎች ተፈተኑ። ጥቁሮቹ ፈታኞች ከሁለት ጊዜ አንድ ጊዜ ማለት ይቻላል፣ በ49 ከመቶው፣ የአድልዎ ምልክት አገኙ። በዚህ ዘመን ማንም በር አይዘጋባችሁም። ፈገግ ብሎ ሌላ ሰፈር ያሳያችኋል፤ ለነጩ ያልጠየቀውን የባንክ ወረቀት ከእናንተ ይጠይቃል። ከጎናችሁ ነጭ ገዢ ሆኖ የሚሄድ ፈታኝ ስለሌላችሁ አታውቁትም።

አሁን ወደ እኛ። በአማርኛ የማኅበራዊ መገናኛ ቡድኖች ውስጥ «የሚከራይ ክፍል፣ ለሐበሻ ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ያላየ አለ? ማንም የለም። ባለቤቱ እዚያው እየኖረ አንድ ክፍል ሲያከራይ ማንን እንደሚያስገባ ሕጉ ሰፋ ያለ ነጻነት ይተውለታል፤ ማስታወቂያው ላይ የዘርና የትውልድ አገር ምርጫ መጻፍ ግን ለእርሱም ክልክል ነው። ፈቃድ ያለው ወኪል ያንን ማስታወቂያ ሲለጥፍ ደግሞ ፈቃዱን እየለጠፈ ነው። በመንግሥት የኪራይ ድጎማ የሚከፍል ተከራይ አልቀበልም ማለትም ከጥቅምት 2020 ጀምሮ በመላው ሜሪላንድ አድልዎ ነው።

እናንተ ደግሞ መኪናዬ ውስጥ ገብታችሁ «ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር አሳየኝ» ትሉኛላችሁ። ስንት ጊዜ ሰማሁት! ፍላጎታችሁ ይገባኛል፤ እንጀራ ቅርብ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅርብ፣ ልጅ የሚጠብቅ ጎረቤት ቅርብ። ነገር ግን ሰፈርን በነዋሪው ዘር መርጬ የማሳየው እኔ ከሆንኩ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ሰፈሩን እናንተ ጥሩልኝ፤ ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ይህን ያህል ደቂቃ በሉኝ፤ እኔ ቤት አሳያችኋለሁ። ወኪል «እሱን እኔ ልመልስልህ አልችልም» ሲላችሁ አኩርፋችሁ አትሂዱ። እርሱ እያከበራችሁ ነው።

የተደበቀ ጉድለትም አለ። ምድር ቤቱ ውኃ እንደሚያስገባ እያወቀ ቀለም አስቀብቶ የሚሸጥ። ይህ በራሱ ግልጽ ስለሆነ አልፈዋለሁ። በነሐሴ 2024 ስለመጣው አዲስ አሠራርም አንድ ቃል ብቻ፦ አሁን የሪልተር ማኅበሩ አባል የሆነ ወኪል ቤት ይዟችሁ ከመግባቱ በፊት የጽሑፍ ውል ይኖራችኋል። ያ ወረቀት በር ላይ ቆማችሁ የምትፈርሙት የእንግዳ መዝገብ አይደለም። ክፍያው ስንት እንደሆነና ውሉ መቼ እንደሚያበቃ አንብቡ። ክፍያው በድርድር የሚወሰን ነው፤ «ሕጉ ነው» የሚላችሁ ሰው ይዋሻል።

የመጨረሻውና ትልቁ ግን የሰው ገንዘብ ነው። ቀብድ። ቤት ለመግዛት ስትስማሙ የምትሰጡት ቀብድ የወኪሉ አይደለም፣ የብሮከሩ አይደለም፣ ገና የሻጩም አይደለም። አደራ ነው። ስለዚህም ነው የአደራ ሒሳብ ውስጥ የሚቀመጠው። ሜሪላንድ ውስጥ ውሉ ከጸደቀ በኋላ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ እዚያ መግባት አለበት። ወኪሉ እጁ ላይ የሚያቆይበት ምክንያት የለም።

ይህንን በመጽሐፍ አይደለም ያወቅኩት። ተቀጥቼበት ነው።

አዎ። ዝም አላችሁ። አዘጋጆቹም ይህንን አልነገርኳቸውም ነበር።

ጊዜው 2011 ነው፤ ሥራውን ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴ። ዊተን አካባቢ ለአንድ ወንድማችን፣ ታክሲ ይነዳ ለነበረ ሰው፣ ቤት አግኝቼለት ውል ተፈራረምን። የስድስት ሺህ ዶላር ቼክ ሰጠኝ። ቼኩን የመኪናዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከመኪና ማቆሚያ ቅጣት ወረቀቶች ጋር አስቀመጥኩት። «ነገ ቢሮ አደርሰዋለሁ» ብዬ። በማግስቱ ሌላ ደንበኛ ነበረኝ። ከዚያ ልጄ ታመመ። ከዚያ ረሳሁት። ቼኩ እዚያ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሰነበተ።

በመካከሉ የወንድማችን ብድር ተከለከለ፤ የተከለከለው ደግሞ ከውሉ በነጻ መውጣት የሚችልበት ቀን ካለፈ በኋላ ነበር። ሻጯ ቀብዱ ይገባኛል አሉ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ፤ ፈረንጅ፣ ነጭ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ የሚያስሩ። «ገንዘቡ የት ነው ያለው?» ብለው ጠየቁ። የት ነው ያለው? ከቅጣት ወረቀቶች ጋር ነው ያለው!

እሳቸው አቤቱታ ጻፉብኝ። ሁለት ገጽ። አንድም ስድብ የለበትም፤ ቀን በቀን፣ ሰዓት በሰዓት። አስተማሪ አይደሉ?

ደንበኛዬ የነበረው ወንድማችን ነገሩን ሲሰማ ማታ ቤቴ መጣ። ምን አለኝ መሰላችሁ? «ወንድሜ፣ አታስብ፤ ቼኩን የሰጠሁህ ትናንት ነው ብዬ እመሰክርልሃለሁ።» የዘገየው የእርሱ ገንዘብ ነው፤ ሊዋሽልኝ የመጣውም እርሱ ነው! ወንድማማቾች ነን፤ ደግሞስ የሰው እንጀራ እንዴት ይዘጋል? እኔስ ወዲያው «አይሆንም» አልኩት? አላልኩትም። «እስቲ ልደርበት» አልኩት። አደርኩበት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሊነጋጋ ሲል ደወልኩና «ተወው» አልኩት።

ኮሚሽኑ ጉዳዩን እንዴት እንደያዘው ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው «ማን ይሰማናል» ስለሚል ነው። መጀመሪያ የአቤቱታው ቅጂ ተልኮልኝ በጽሑፍ መልስ እንድሰጥ ታዘዝኩ፤ ብሮከሬም እንደዚሁ። አቤቱታዎቹን ከኮሚሽኑ አባላት የተውጣጣ ቡድን ያያቸዋል። የማያስኬደውን ይዘጋል፤ የሚያስኬደውን ወደ መርማሪ ይልካል። ከዚያ ወይ የአስተዳደር ዳኛ ፊት ችሎት ይቀመጣል፣ ወይም ተከሳሹ ጥፋቱን አምኖ በስምምነት ትዕዛዝ ይጨርሳል። ቅጣቱ ተግሣጽ፣ እገዳ፣ ስረዛ ሊሆን ይችላል፤ በእያንዳንዱ ጥፋት እስከ 5,000 ዶላር መቀጮም አለ። ሲወስኑ ጥፋቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ፣ ማን እንደተጎዳ፣ ሰውዬው በቅንነት ነው ወይስ በተንኮል፣ ከዚህ በፊትስ ተቀጥቷል ወይ የሚለውን ይመዝናሉ።

እኔ አመንኩ። ተግሣጽ ተሰጠኝ፤ ሁለት ሺህ ዶላር ተቀጣሁ፤ ስለ አደራ ገንዘብ ትምህርት እንድወስድ ታዘዝኩ። ስሜና ጥፋቴም ለሕዝብ ወጣ። ለባለቤቴ የነገርኳት ከወር በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲያየኝ ያነበበ እየመሰለኝ ለሁለት ወር ከኋላ በር ነበር የምገባው። ማንም አላነበበም ነበር። እኛ የት እናነባለን?

ያቺ አስተማሪ ባይከሱኝ ኖሮ መሳቢያዬን ዛሬም በቼክ እሞላው ነበር። በመጥፎነት ሳይሆን በ«ነገ»። ከዚያን ቀን ወዲህ ቼክ ተቀብዬ ወደ ቤቴ አልሄድኩም፤ በረዶ ይውረድ፣ ልጅ ይታመም፣ መጀመሪያ ቢሮ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ። እኛ ለምን ዝም እንላለን?

አንዲት እናት ነበሩ፤ እማማ ልበላቸው። ቀን ቀን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ፣ ማታ ማታ አረጋውያን መንከባከቢያ። አሥራ ሰባት ዓመት። ትንሽ አፓርታማ ለመግዛት ለአንድ ወኪል ዘጠኝ ሺህ ዶላር በጥሬው ሰጡት። ደረሰኝ? የለም። ለምን? የአጥቢያቸው ልጅ ነው፤ ሲያገኛቸው ጉልበታቸውን የሚስም ልጅ ነው። «ልጄ፣ ቁጠረው» ብለው ፖስታውን የሰጡት ከቅዳሴ መልስ ነው። ፈቃድ ነበረው፤ ሕጋዊ የሜሪላንድ ፈቃድ።

ቤቱ አልመጣም። ገንዘቡም አልተመለሰም። በ2014 የጸደይ ወቅት ገንዘቡ እንደተበላ አወቁ።

ምን ተደረገ? ሽማግሌ ተላከ። ሦስት ሰዎች፤ ከሦስቱ አንዱ እኔ። ልጁ ተንበረከከ፣ አለቀሰ፣ «በመድኃኔ ዓለም» ብሎ ማለ፤ ሁለት ሺህ ሰጠ። እኛም ተደስተን መርቀን ወጣን። ከዚያ «ለፋሲካ» አለ። ከዚያ «ግብር ሲመለስልኝ» አለ። ከዚያ እናቱ አገር ቤት ታመሙ፤ እንዴት ይጠየቃል? ከዚያ ሠርጉ ደረሰ፤ ሠርጉ ላይ ተጠራን፤ በላን። እማማም ተጠርተው ነበር፤ ስጦታ ይዘው መጡ!

እኔ የሙያው ሰው ነኝ። ቅጹ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ በራሴ ላይ የመጣ ቅጽ ነው። ግን «የሰው እንጀራ አልዘጋም፣ ገና ወጣት ነው» አልኩ። በ2018 ልጁ ስልኩን ቀይሮ ወደ ሌላ ክልል ሄደ። ያን ጊዜ እማማን ይዤ ቁጭ አልኩ፤ ቅጹን ልንሞላ።

አሁን በደንብ ስሙኝ። ሜሪላንድ ውስጥ የዋስትና ፈንድ የሚባል አለ። ፈቃድ የምናወጣ ሁላችን ከኪሳችን ያዋጣነው ገንዘብ ነው፤ እንደ ዕድር ቁጠሩት። ፈቃድ ያለው ሰው ገንዘባችሁን ሰርቆ፣ አጭበርብሮ ወይም አስመስሎ ወስዶ ኪሳራ ካደረሰባችሁ፣ ፈንዱ ለአንድ አቤቱታ እስከ 50,000 ዶላር ድረስ ሊከፍላችሁ ይችላል። እማማ የቀራቸው ሰባት ሺህ ነበር። ሰባት ሺህ! ነገር ግን ጥያቄው ጉዳቱ ከታወቀ ወይም በተገቢው ጥንቃቄ ሊታወቅ ከሚገባው ጊዜ ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ከ2014 እስከ 2018 ስንት ነው? እነዚያን አራት ዓመታት የበላው ልጁ ብቻ አይደለም። እኛ ሽማግሌዎቹ በላናቸው። በየፋሲካው፣ በየምርቃቱ፣ በሠርጉ።

በዚያ መካከል ደግሞ ሌሎች ሁለት ቤተሰቦች በዚያው ሰው እጅ ገንዘባቸውን አጥተዋል። እኛ መርቀን የወጣንበት በር ነው እነርሱን ያስገባቸው። ፈቃዱ ላይ ገና በመጀመሪያው ዓመት እገዳ ቢኖር ኖሮ ስሙን የፈለገ ሁሉ ያየው ነበር።

«ባህላችን ነው፤ እኛ ሰው አንከስም» ትሉኛላችሁ። እውነት? አያቶቻችን ነጠላ ከነጠላ ተቋጥረው፣ ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ዳኛ ፍለጋ አገር ለአገር የሚሄዱ ሰዎች አልነበሩም? «ተጠየቅ!» እየተባባሉ በቅኔ የሚሟገቱት እነማን ነበሩ? መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ሲባል ባለበት ቆሞ የሚቀረው የማን አገር ነበር? አቤት ማለትን ከማንም አልተማርንም። እዚህ መጥተን ነው የረሳነው፤ እንግሊዝኛው ስለከበደን፣ በሰው አገር ነን ስላልን፣ ነገ በልደትም በለቅሶም ስለምንገናኝ። ይሉኝታ ነው። ደግ ነገር ነው ይሉኝታ፤ ያለ እርሱ ዕድርም እቁብም የለንም። ግን ይሉኝታው ሁልጊዜ የሚሠራው ለአንድ ወገን መሆኑን አስተውላችኋል? እማማ ልጁን አፈሩት። ልጁ እማማን አላፈራቸውም።

ሽምግልና ተዉ አላልኩም። እኔ ራሴ ነገም ሽማግሌ ሆኜ እሄዳለሁ። ግን ቅጹን ሞልተን ልከን ከዚያ እንሂድ። ጎን ለጎን ይሂዱ፤ ቀኑ ደግሞ በእኛ ምርቃት አይቆምም።

በተግባር ምን ታደርጋላችሁ? ከመጀመራችሁ በፊት የወኪሉን ስም የኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ፤ ፈቃዱ በሥራ ላይ መሆኑን፣ የታተመ ቅጣትም ካለ ታገኙታላችሁ። ጥሬ ገንዘብ አትስጡ፤ ለጉልበት ሳሚም ቢሆን። ቼኩን በድርጅቱ ስም ጻፉ እንጂ በልጁ ስም አትጻፉ። የስልክ መልእክቶችን አታጥፉ። አቤቱታ ስትጽፉ እንደዚያች አስተማሪ ጻፉ፤ ቀን፣ መጠን፣ ማን ምን አለ። «እግዚአብሔር ይፍረድበት» የሚለውን ለጸሎት አቆዩት፤ መርማሪው ሊጠቀምበት አይችልም። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ፤ ለዚህ ነው ያስተማራችኋቸው። አቤቱታ ማቅረብ ገንዘብ አይጠይቅም።

ኮሚሽኑ የማይችለውንም ልንገራችሁ። ውል አያፈርስላችሁም፤ ቤቱን አያስመልስላችሁም፤ ከሻጩ ጋር ያላችሁን ክርክር አይዳኝም። ያ የጠበቃና የፍርድ ቤት ሥራ ነው፤ ሁለቱንም መጠየቅ ትችላላችሁ። ወኪሉ ስለ ዋሸ እንጂ ቤቱ ስላስጠላችሁም አትክሰሱ። እንደዚያ ያለ አቤቱታ ይዘጋል፤ መዘጋትም አለበት። ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ ደግሞ የየራሳችሁ ተቆጣጣሪ አካል አላችሁ፤ ፈንዱም ቀኑም ይለያያል፤ የእኔን ቁጥር ይዛችሁ እዚያ እንዳትሄዱ።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ፤ ሰብሳቢዋ እያየችኝ ነው። አንድ ነገር ልናገርና ልቀመጥ።

ባለፈው ወር ሁለት ወጣቶች፣ አዲስ ተጋቢዎች፣ ቢሮዬ መጡ። ተዋወቅን፤ የምችለውን ነገርኳቸው። ልጅቷ ቦርሳዋን ከፈተችና የታተመ ወረቀት አወጣች፤ የእኔን የቅጣት ትዕዛዝ። የ2011ዱን። «ይህ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ፣ አንገቷን ትንሽ ደፍታ። በዚህ ሁሉ ዓመት ያንን የጠየቀኝ የመጀመሪያዋ ሐበሻ ናት። እኔ ነኝ አልኳት፤ አሁን ለእናንተ የነገርኩትን ስለ ቼኩ፣ ስለ መሳቢያው፣ ሊዋሽልኝ ስለመጣው ሰው ነገርኳቸው። ባልዋ ሳቀ። እርስዋ አልሳቀችም፤ ማስታወሻ ትይዝ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ደወለች። አክብሮት ባለው ድምፅ ሌላ ወኪል እንደመረጡ ነገረችኝ። ማንን እንደመረጡ ጠየቅኳትና ነገረችኝ። እኔም ወዲያው ኮምፒውተሬን ከፍቼ የእርሱን ስም ፈለግኩላት። ንጹሕ ነበር።

ቅጾቹ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ ከቡናው ጎን። አመሰግናለሁ።